ሆድ ይፍጀው ያልነው ቅጠል

ልጁ ባዶ አየር ላይ እጁን እየሰነዘረ የሌለ ዝንብ ያባርራል። ፊቱ ፍም መስሏል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የዓይኑ ብሌን ከመስፋቱ የተነሣ ዓይኑ ሁሉ ጥቁር ሆኗል። እናቱ በስሙ ስትጠራው አይሰማም፤ ከሞተች ሦስት ዓመት ያለፋትን አያቱን ግን አጠገቡ እንደ ተቀመጠች አድርጎ ያዋራታል፣ ይስቅላታል። ስድስት ዓመቱ ነበር። ነገሩ የሆነው ካቻምና ጥቅምት ላይ፣ ከደብረ ታቦር ብዙ በማይርቅ የፋርጣ መንደር፣ ለተዝካር በተሰበሰብንበት ግቢ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እየሮጠች መጣች። ገና ልጅ እግር ናት። የልጁን ደረት ዳሰሰች፣ ዓይኑን ገለጠች፣ ከዚያም ዳሱ ሥር ወደ ተቀመጥነው ሽማግሌዎች ዞራ፣ «አባቶቼ፣ ይኼ ልጅ ምን በልቶ ነው?» አለች።

ስድስት ነበርን። ስድስታችንም እናውቃለን። ከአጥሩ ጀርባ፣ ከፍግ ክምሩ አጠገብ ምን እንደ በቀለ ስንገባ አይተናል። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ከዘራውን አገላበጠ። የግቢው ባለቤት ያንን ፍሬ እያደረቀ ጥርሱን ለሚያመው ሰው ጢሱን ያጥናል፣ የእጅ መንሻም ይቀበልበታል፤ እሱ ዝም ሲል አማቹም ዝም አለ። መድኃኒት አዋቂ ተብሎ የሚፈራው ጎረቤቱ በሰው ፊት የቅጠል ስም ጠርቶ አያውቅም፤ ያን ዕለትም አልጠራም። እኔስ? እኔ እንግዳ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው! ዝምታው ሲከብደኝ፣ «አንድ ነገር ቀምሶ ይሆናል» አልኩ። ይቺን ብልጠቴን ተመልከቱልኝ።

አፏን የከፈተችው የልጁ እህት ናት። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። የጨበጠችውን እጇን ዘርግታ ስትከፍተው፣ መዳፏ ላይ እንደ ጃርት እሾህ የለበሰች አረንጓዴ ፍሬ ተቀምጣለች፤ እሾኋ ወግቷት ደም ነጥቧል። «ይቺን ነው» አለች። ሠራተኛዋ ፍሬዋን በስልኳ ፎቶ አነሣቻት፣ ለሐኪም ደወለች፣ ልጁም ፍሬዋም በባጃጅ ተጭነው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ወደ ልቡ ተመለሰ። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ስድስታችን ግን በዚያች ሰዓት ምን እንደ ነበርን እርስ በርሳችን ተነጋግረን አናውቅም። ስለዚህ እኔ ልናገር።

እናንተ እኩዮቼ፣ በጋይንትም በእስቴም፣ በእብናትም በፎገራም ያላችሁ፣ ልጆቻችንን መምከር አናውቅበትም አይባልም። በየሰንበቴው፣ በየዕድሩ፣ በየሰርጉ እንመክራለን። እኛን የሚመክረን ግን የለም፤ ከእኛ በላይ የነበሩት አልፈዋልና። ዛሬ እኔ እናንተን ላስጠነቅቅ ነው፤ ቅር የሚለው ቢኖር ቀድሞ ይቅር ይበለኝ።

ያቺ ፍሬ አስተናግር የምንለው ነው፤ አንዳንዱ አጤ ፋሪስ ይለዋል። ስሙን ያወጣ ሰው ያየውን ተናግሯል፤ የበላውን ሰው ያናግረዋል፣ ያስለፈልፈዋል። ወደ ማታ የሚፈካ እንደ ጥሩምባ የረዘመ ነጭ አበባ አለው። ቅጠሉ ዳር ዳሩን ጥርስ አውጥቷል፤ ሲታሽ ይከረፋል። ፍሬው ሲደርቅ በአራት ይሰነጠቅና ከጥቁር አዝሙድ ከፍ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ኩላሊት የመሰለ ጥቁር ዘር ያፈሳል። ፍግ ይወዳል፤ ስለዚህ ከበረት ጓሮና ከመንገድ ዳር፣ ማለትም ልጆች ከሚጫወቱበት ቦታ አይርቅም። የሳይንስ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ነው። በውስጡ ያሉትን አትሮፒንንና ስኮፖላሚንን ሐኪሞች በልክ ለሕክምና ይጠቀሙባቸዋል። ዘሩ ግን ልክ አያውቅም፤ የአንዱ ተክል ከሌላው ተክል፣ የዘንድሮው ከአምናው መጠኑ ይለያያል። «አባቴ ሦስት ፍሬ ይሰጥ ነበር፣ ማንም አልሞተበትም» የምትሉ ካላችሁ፣ አባታችሁ ዕድለኛ ነበሩ። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ይህ ቅጠል የአያት የቅድመ አያት ቅርስ ይመስለናል እንጂ ዘሩ የተነሣው ከአሜሪካ ምድር ነው። መጤ ሆኖ ገብቶ የአማርኛ ስም ወጥቶለት፣ የጥርስ መድኃኒት ተብሎ፣ ምስጢርም ሆኖ አረፈው።

ጉዳቱ የአንድ መንደር ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 በኡጋንዳ፣ ካራሞጃ በሚባለው አካባቢ፣ ለችግረኞች የታደለ የበቆሎና የአኩሪ አተር ዱቄት የበሉ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ታመሙ፤ 5 ሰዎች ሞቱ። ሲመረመር ዱቄቱ ውስጥ የዚሁ የዳቱራ መርዝ ተገኘ። ካደገበት ማሳ ከእህሉ ጋር ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ አረም ነው። አጫጁ አላወቀውም፤ ያወቀው ካለም ዝም ብሏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በምዕራብ አሜሪካ በረሃና ግጦሽ ከብት አርቢዎች «ሎኮ» የሚሉት ዕፅ አለ። ቃሉ ስፓንኛ ነው፤ እብድ ማለት ነው። ፈረስም በግም ደጋግሞ ከበላው ይንገዳገዳል፣ ከመንጋው ይነጠላል፣ ይከሳል፣ ይጨነግፋል። አብዛኛው አስትራጋለስ ከሚባለው ወገን ነው፤ ይህ ወገን ከአተርና ከባቄላ ጋር ዘመድ ሲሆን ከ2,000 በላይ ዝርያ አለው። የሚያሳብደው መርዝ ስዌይንሶኒን ይባላል፤ የሚሠራውም በዕፁ ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነው። ሁሉም ዝርያ ግን መርዘኛ አይደለም። የትኛው ነው? ተመራማሪዎች ይህን ለመለየት የየበረሃውን ሣር ሁሉ ዞረው መንቀል አላስፈለጋቸውም። ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀድሞ ተነቅለው፣ ደርቀው፣ ወረቀት ላይ ተሰፍተው ከተቀመጡ ናሙናዎች ቅንጣት ቅንጣት እየወሰዱ መረመሩ። ሰብሳቢው ሞቷል፤ ዕፁ የበቀለበት ሜዳም አንዳንዱ ጠፍቷል፤ ወረቀቱ ግን ቆሞ መሰከረ።

እንዲህ ያለ የደረቅ ዕፅ ማኅደር ሄርባሪየም ይባላል። የእኛም አገር ዕፅዋት እዚያ አሉ፤ ያውም ከደጃችን የተነቀሉት። ቪልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን ገብቶ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ዕድሜውን በሙሉ ቅጠል ሲለቅም ኖሯል። በ1863 እዚሁ በደብረ ታቦርና በጋፋት ዙሪያ ሲሰበስብ ነበር። ጋፋትን ስናነሣ ሁላችንም የምናወራው ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ነው። መድፉ ሳይሠራ በፊት ይህ ሰው በዚያው ኮረብታ ሥር እየተንበረከከ የእኛን አረም ይነቅል፣ በወረቀት መካከል ያደርቅ ነበር። በኋላም ከሌሎቹ ፈረንጆች ጋር ዐፄ ቴዎድሮስ ይዘውት እስከ መቅደላ ደርሶ፣ በ1868 ነው የተለቀቀው። አያቶቻችን ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ ብለውት ይሆናል፤ አይፈረድባቸውም።

የሰበሰባቸው ዕፅዋት ለንደን፣ ፓሪስና ሌላም ቦታ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ፎቶ ተነሥተው በኢንተርኔት ይታያሉ፤ የልጅ ልጄ በስልኳ አሳየችኝ። ወረቀቱ ወይቧል። ግንዱ ከገጹ እንዳያልፍ አንገቱን ሰብረው አጥፈውታል። አበባው ቀለሙን ለቆ ቡናማ ሆኗል። ከታች በኩል ባለች ትንሽ ወረቀት ላይ በላቲን ፊደል «ደብራ ታቦር» ተብሎ ተጽፎ ሳይ፣ አዎን ልንገራችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የአገሬ ሣር ከእኔ ቅድመ አያት ይልቅ ቀኑና ቦታው ታውቆ ተቀምጧል።

ይህ ሁሉ ግን ከጥፋት የተጠበቀ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 1943 በጦርነቱ ጊዜ የበርሊን ሄርባሪየም በቦምብ ተመትቶ ተቃጠለ፤ ከአፍሪካ የተሰበሰበ ስፍር ቁጥር የሌለው ናሙና አመድ ሆነ። እንደ ሺምፐር ያሉት ሰብሳቢዎች ግን ከአንዱ ተክል ብዙ ቅጂ እየነቀሉ ወደ ተለያየ ከተማ የመላክ ልማድ ነበራቸው። በርሊን የተቃጠለው ወንድሙ ፓሪስ ወይም ለንደን ተቀምጦ ተገኘ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ራሴ ጥፋት ስመጣ እመለስበታለሁ።

ስምስ? ስም የተረፈበት አጋጣሚም አለን። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በጎንደር ዘመነ መሳፍንት መባቻ ወደ አገራችን መጥቶ፣ ተቅማጥ ይዞት ሲሠቃይ በአንድ ቁጥቋጦ ሥር ልጣጭ ዳነ። አገሬው የነገረውን ስም እንደ ሰማው ጽፎት፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ከነሥዕሉ አወጣው፤ ዋጊኖስ ነው። ሳይንሱ በብሩስ ስም ብሩሲያ ብሎ ሰየመው። ዛሬ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ዋጊኖስ» የሚል ቃል ከገበሬ ቢሰማ የትኛው ተክል እንደ ሆነ መጽሐፍ ገልጦ ያገኘዋል። ያንን ስም ለብሩስ የነገረው ሰው መቃብሩ የት እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንለው ለካ ለቅጠልም ይሠራል፤ የነገረው ሰው ካልሰሰተ።

በአገራችንም ይህ ሥራ ቤት አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሥራ በ2009 በ8 ቅጽ ተጠናቅቋል፤ ወደ 6,000 የሚሆኑ ዝርያዎችን ይዟል። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሰብስቤ ደምሰውን የመሳሰሉ ሊቃውንት ደክመውበታል። በዚያ መጽሐፍ አገሪቱ በክፍል ተከፍላ እያንዳንዱ ክፍል በሁለት ፊደል ይጠራል፤ ሰሜኑም ደቡቡም ጎንደር አንድ ላይ «ጂዲ» ነው። ጉናም ጂዲ፣ መተማም ጂዲ! አልቀየምባቸውም፣ አገር ሰፊ ነው። ግን ከጉና ጫፍ እስከ ፎገራ ሜዳ ያለውን ልዩነት በሁለት ፊደል ውስጥ ማን ይሞላዋል? የደን ምሁሩ አለማየሁ ዋሴ በዚሁ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ታላቅ ሥራ ነው። የእሱ ጥናት ግን በእንጨታማው ላይ ነበር፤ በእግራችን የምንረግጠው፣ በግ የሚግጠው፣ ልጅ የሚቀጥፈው ትንሹ ቅጠል ሌላ ሰብሳቢ ይጠብቃል።

አንድ ሰብሳቢ ነበረው። እኔ ነበርኩ።

በ1974 ዓ.ም. በጉና ግርጌ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቼን ይዤ ቅጠል ስለቅም እውላለሁ። የምናደርቀው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ መካከል ነው። በጋዜጣው ላይ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ድንጋይ እንጭናለን። የጉና ጭጋግ ስለማያደርቅ በየቀኑ ወረቀት መለወጥ ግድ ነው፤ እርጥቡን ጋዜጣ ምድጃ አጠገብ ዘርግተን እናደርቅና መልሰን እንገለገልበታለን። ሁለት ቀን ከተዘናጋን ሻገተ ማለት ነው። እንዲህ እያልን 64 ወረቀት ደረስን። ስሙን የሚነግሩን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ከበግ ጋር የፈጁ። ቅጠሉን ሳያዩ በበሽታው ብቻ የሚለዩት ተክል ነበራቸው።

አንድ ቀን አንዲት ዝቅተኛ ተክል ይዘንላቸው ሄድን። ቅጠሏ ግራና ቀኝ እንደ ምስር ቅጠል የተደረደረ፣ ግንዷ ጠጉር የለበሰ፣ ፍሬዋ አጭር ሆና እንደ አተር እሸት ያበጠች። ሽማግሌው ተቀብለው አገላበጡና፣ «ይቺን በግ ደጋግማ ከቀመሰች ልቧ ይሄዳል፤ ከመንጋ ትለያለች፣ ስትጠራት አትመጣም» አሉ። ስሟንም ነገሩኝ። በእርሳስ ጋዜጣው ጥግ ላይ ጻፍኩት።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። ወረቀቶቹን በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ቆልፌ፣ ቁልፉን አስረክቤ ሄድኩ። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ አውቃለሁ። ከአራት ዓመት በኋላ ስመለስ ዕቃ ቤቱ ተጠርጎ አገኘሁት። «የሻገተ ጋዜጣ ነበር፣ ለእሳት ማያያዣ አደረግነው» አሉኝ። ያሉት እውነት ነው፤ ለማያውቀው ሰው የሻገተ ጋዜጣ ነው። ሽማግሌውም በዚያው መካከል ዐርፈው ነበር። በርሊን በቦምብ ተቃጥላ ቅጂው ፓሪስ ሲገኝ፣ የእኔ 64 ወረቀት ለአንድ ሰሞን ቡና ማፍያ ሆኖ ሲቀር ቅጂ አልነበረውም። አራት ኪሎ ያ ሁሉ ሰው ናሙና እየለመነ በፖስታ ልልክ ስችል አልላክሁም። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

የዚያችን ተክል ስም ረሳሁት። አርባ ዓመት ሙሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ሆኖ አልወጣም።

ነገሩ ከቁጭት ያልፋል። ከላይ ያነሣሁት አስትራጋለስ የተባለው ወገን በእኛም ደጋ አለ፤ አስትራጋለስ አትሮፒሎሱለስ የሚባለው ዝርያ በዚያው ባለ 8 ቅጹ መጽሐፍ ተመዝግቧል። የእኔዋ ተክል እሷ ትሁን፣ ሌላ ትሁን? ወረቀቱ ቢኖር አንድ ተማሪ አጉሊ መነጽር ይዞ በአንድ ቀትር ይለየዋል። ወረቀቱ ከሌለ ግን የትኛውም ፕሮፌሰር በእኔ ወሬ አይፈርድም። ደግሞም የበግ አዙሪት አንጎል ውስጥ ከሚገባ ትል እንደሚመጣ የእንስሳት ሐኪሞች ያስተምራሉ። ታዲያ ሽማግሌው ያዩት የቅጠል ሥራ ነው ወይስ የትል? እሳቸው ሊሳሳቱ ይችላሉ። ልክም ሊሆኑ ይችላሉ። እሳቸው ልክ ከነበሩ በጉና ሥር እስከ ዛሬ በቅጠል የሚሞት በግ በትል ሞተ እየተባለ ይቀበራል ማለት ነው።

ይህን የምለው የሽማግሌ ቃል ሁሉ እውነት ነው ለማለት እንዳይመስላችሁ። ጓያን እንውሰድ። ፎገራና ደምቢያ ጓያ የሰበረውን ሰው የማያውቅ የለም፤ በሁለት ምርኩዝ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ በእግሩ ጣት እየረገጠ የሚሄደውን። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በእነዚሁ ወረዳዎች ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም አቀፍ መጽሔት ወጥቷል። በ1990ዎቹም በደላንታና ዳውንት ከ2,000 በላይ ሰው ተመታ። እኛስ ምን ስንል ኖርን? «እንፋሎቱ ነው የሚሰብረው»፣ «በማሳው ባዶ እግር መሄድ ነው»፣ «ገለባው ላይ መተኛት ነው»። ሚስቶቻችን ድስት ሲከፍቱ ፊታቸውን እንዲያዞሩ መከርን፤ ልጆቻችን ግን ያንኑ ጓያ በድርቅ ዘመን ወር ሙሉ ብቻውን በሉ። መርዙ ያለው በፍሬው ውስጥ ነው፤ ብቻውን ለረጅም ጊዜ ሲበላ ነው የሚጎዳው። ዘፍዝፈው ውኃውን የሚደፉ፣ ከሌላ እህል ጋር የሚቀላቅሉ እናቶች ግን ልክ ነበሩ። ግማሹን አውቀናል፣ ግማሹን ስተናል። የትኛው ግማሽ እንደ ሆነ ሊነግረን የሚችለው፣ ያወቅነውን በግልጽ ስንናገርና ሌላው ሲመረምረው ነው። በሆድ የተቀመጠ ነገር አይታረምም።

ደግሞ ስም ራሱ ያሳስታል። እምቧይ ሌላ፣ ምድር እምቧይ ሌላ ነው፤ አንዱ የቁጥቋጦ፣ አንዱ የሐረግ ወገን። ስልክ ደውሎ «እምቧይ ቀቅለህ አጠጣት» የሚል አባት የትኛውን እንደሚል ልጁ ከተማ ተወልዶ እንዴት ያውቃል? ቅጠል ሳይታይ ስም ብቻ በሚተላለፍበት ዘመን ደርሰናል። ልጆቻችን አረሙን በመድኃኒት ይረጩታል፣ ኮረብታውን ባሕር ዛፍ አልብሰውታል፤ እነሱ ከቅጠሉ ጋር ለመተዋወቅ ጊዜ የላቸውም።

ስጋታችሁን አውቃለሁ። «መድኃኒት በአደባባይ ከተነገረ ይረክሳል» ትላላችሁ። «ለበኩር ልጄ በሞት አልጋዬ እነግረዋለሁ» የምትሉ አላችሁ። ስንቶቻችን ነን በሞት አልጋ ላይ አንደበት የሚኖረን? የበኩር ልጅስ ዛሬ ያለው ደብረ ታቦር ነው ወይስ ባሕር ማዶ? ሁለተኛውን ስጋት፣ ፈረንጅ ይወስድብናል የሚለውን፣ አላቃልለውም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፋችን ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት ይዞ ስንት ዓመት አከራከረን፤ የሔግ ፍርድ ቤት የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። እንዲህ ያለውን ለመከላከል በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 482 ወጥቷል፤ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤቱ ማኅበረሰቡ ራሱ ነው ይላል። ስለዚህ የመድኃኒታችሁን ቅመማ፣ መጠኑንም፣ የምትለቅሙበትንም ሰዓት ሆዳችሁ ይፍጀው። ጥያቄዬ እሱ አይደለም። የጎጂውን ቅጠል መልክ፣ ስም፣ ማንን እንደሚጎዳና እንዴት እንደሚጎዳ ግን የመደበቅ መብት የለንም። የመድኃኒቱን ምስጢር መጠበቅ ይቻላል፤ የመርዙን ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ግን ከመርዙ ጋር ተባባሪ ነው። ያን ዕለት ዳስ ሥር የተቀመጥነው ስድስታችን ያው ነበርን።

ሥራው ከባድ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ተክሉን አበባም ፍሬም በያዘበት ወቅት ከነሥሩ ንቀሉት፤ በጋዜጣ መካከል ዘርግታችሁ፣ አንድ ቅጠል በጀርባው አዙራችሁ ጫኑት። አስተናግርን የነካ እጅ ሳይታጠብ ዓይን አይነካ። ወረቀቱ ላይ የምትሉትን ስም፣ ጎረቤት መንደር የሚለውንም ስም ጻፉ። ቀበሌውን፣ ደጋ ይሁን ወይና ደጋ፣ ቀኑን፣ የተናገረውን ሰው ጻፉ። የአበባውን ቀለም አትርሱ፤ ሲደርቅ ይጠፋልና። መጻፍ የማይችል ካለ የልጅ ልጁን ይጥራ፤ እግረ መንገዱንም ልጁ ይማራል። ከአንዱ ተክል ሁለት ሁለት አድርጉ። አንዱን በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ላለ የባዮሎጂ መምህር ወይም ወደ አዲስ አበባ ወደ ብሔራዊ ሄርባሪየም ስጡ፣ አንዱን መንደር አስቀሩ። ጣሪያው በሚያፈስ ዕቃ ቤት ግን አታስቀምጡት።

ከእናንተ መካከል፣ በተለይ በጉና ዙሪያ በግ ያረባችሁ፣ ያችን ቅጠሏ እንደ ምስር የተደረደረ፣ ፍሬዋ ያበጠ፣ በጓን ከመንጋ የምትነጥለውን ተክል የሚያውቃት ካለ፣ ከነሥሯ በጋዜጣ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር ገበያ ለሚመጣ ሰው ይስጥልኝ። ጋዜጣው ጥግ ላይ ስሟን ይጻፍበት። ዘንድሮ 76 ዓመቴ ነው።